በቀፎ ወደ ኮከብ

መምህር ደግፌ ማረፋቸውን የሰማሁት ከቅዳሴ ወጥቼ ጫማዬን ስፈልግ ነው። ከጎሬ የመጣች ዘመዴ ትከሻዬን ይዛ በቀስታ ነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በደጀ ሰላም ቆሜ ሳቅሁ። ዘመዴ ደንግጣ ውሃ አምጡላት አለች። ምን ላድርግ፤ ስማቸው ሲጠራ ቀድሞ የታየኝ የትልቅ ሰው ከረባት ያሠረ ልጅ ከአግዳሚ ወንበር ሥር ሆኖ «እኔ አልገባም» ሲል ነው። እንባዬ የመጣው ኋላ፣ ቤት ስገባ ነው።

ወደ መቱ ሲመጡ ገና ወጣት ነበሩ፤ ሁላችንም ግን ጋሼ እንላቸው ነበር። የጎሬ ልጅ ናቸው። ከአጥራችን ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከቁመታቸው የተነሣ አጥሩ አገጫቸው ላይ ስለሚቀር፣ ጠዋት ጎመን ስቀነጥስ ቀና ካልሁ ራሳቸው አጥሩ ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ። ሱሪያቸው አጭር ነው። ጨርቅ ጎድሎ እንዳይመስላችሁ፤ በሐምሌ የመቱን ጭቃ እግራቸው ላይ ለክተው፣ ከዚህ በላይ ይቆረጥ ብለው ለልብስ ሰፊው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ በጋም ክረምትም አጭር ነው። ከእጃቸው የማትለይ ጃንጥላ ነበረቻቸው፤ አትዘረጋም። ዝናብ ሲመጣ እንዳትረጥብ ኮታቸው ውስጥ ይደብቋታል።

ጠመኔ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ጠመኔ ይፈልጋሉ። ልጆቹ ያውቃሉ፣ አይናገሩም።

ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ብሎ ሬዲዮ ከተናገረ ወዲህ ደግሞ አንድ አባባል ያዙ። «ከሺህ ዓመት በኋላስ?» ይላሉ፣ በሆነውም ባልሆነውም። ወፍጮ ቤቱ ተበላሸ ብዬ ሳዝን፣ ከሺህ ዓመት በኋላስ ማን ይጠግነው ይሆን ብለው ያስባሉ። ጥርሴን አመመኝ ስላቸው ከሺህ ዓመት በኋላ ጥርስ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁኛል። ጥርሴ እንደሆነ ዛሬ ነው የሚያመኝ። ግን ሰውዬውን መቆጣት አይቻልም ነበር።

እኔን በዚያን ጊዜ የሚያሳስበኝ የመጪው ሺህ ዓመት አልነበረም፤ የመጪው ሰኔ ነበር።

ልጄ ቢፍቱ ሕፃን ሳለች ታምሜ ስለነበር ያዮ፣ ከባለቤቴ እናት ዘንድ አደገች። እሳቸውን በኦሮምኛ አኮ እንላቸዋለን፤ አያት ማለት ነው። በቡና ጫካ ውስጥ፣ ከንብ ጋር አሳደጓት። ሰባት ዓመት ሲሞላት መቱ አምጥተን ትምህርት ቤት አስገባናት። የመጀመሪያው ቀን፣ በዚያን ጊዜ የነበረው አስተማሪ ከየት መጣሽ ቢላት ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ መለሰች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሷም አፏን ዘጋች። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘጋችው። ቤት ውስጥ እንደ ወፍጮ ነው የምታወራው፤ የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስትደርስ ወፍጮው ይቆማል። ሒሳብ ሙሉ ታመጣለች፤ ንባብ ባዶ።

ዲሬክተሩ አስጠሩኝ። ዘንድሮም በሰው ፊት ቆማ ካልተናገረች በሰኔ ትሰናበታለች፣ ቦታዋን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቦታውም በእውነት ጠባብ ነበር። ባለቤቴ ገመዳ፣ ዝም የምትል ልጅ ጨዋ ናት፣ ምን ጎደላት አለ። እኔ ፊደል የለየሁት ከአባቴ ዳዊት ነው፤ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ለእሷ ግን እመኝ ነበር። ለእመቤታችን ጧፍ ተሳልሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደግፌ በአጥሩ ላይ ሳይሆን በበሩ መጡ። እንዲህ ያለ ነገር አድርገው አያውቁም። ጃንጥላዋን በአንድ ብብት፣ የወረቀት ክምር በሌላው ይዘዋል። በዚያ ዓመት የቢፍቱን ክፍል የሚያስተምሩት እሳቸው ነበሩ። ልጆቹን፣ ከሺህ ዓመት በኋላ ሰው ኮከብ ላይ ሲኖር ምን እንደሚመስል ሣሉ ብለው አዘው ነበር። ወረቀቶቹን መደቡ ላይ ዘረጉልኝ። በሁሉም ላይ ያለው ሰው ባርኔጣ ያደረገ፣ ከረባት ያሠረ፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ጸጉሩ ቢጫ ነው። አንዱ ጢም ጨምሮለታል፤ ጢሙም ቢጫ ነው።

ልጆቹን፣ ጎበዝ፣ እኛስ የት ሄድን ብዬ ጠየቅኋቸው አሉኝ። ልጆቹ ተያዩ። በመጨረሻ የአውራጃው ጸሐፊ ልጅ እጁን አወጣና፣ «እኛማ መቱ ቀረን» አለ።

ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። መነጽራቸውን ጠርገው፣ «እትዬ፣ ሺህ ዓመት ሙሉ መቱ ቀረን እኮ» አሉ። «ማንም ሳይወስደን።»

ከክምሩ ሥር አንዲት ወረቀት አወጡ። የቢፍቱ ናት። አንዲት አሮጊት ኮከብ ላይ ቆመዋል። ቡሉኮ ለብሰዋል። በግራቸው ጎመን በቅሏል። ዛፍ ስላልነበረ ቀፎው ከኮከቡ በታች ተሰቅሏል፤ ንቦቹም ቁልቁል ይገባሉ። አኮ ናቸው። አፍንጫቸው ላይ ያለችው ኪንታሮት እንኳ አልቀረችም።

ንቦቹ ለምን ቁልቁል እንደሚገቡ ይጠይቁልኝ አሉኝ። እኔ ልጠራት ስነሣ እሳቸው ወጥተው ከአጥሩ ጀርባ ቁጢጥ አሉ። ቁጢጥ ብለውም ግማሽ ራሳቸው ይታያል። ቢፍቱ መጣች፤ ብጠይቃት ለአጥሩ ጀርባዋን ሰጥታ ጀመረች። ኮከብ ላይ አበባው ከታች እንደሆነ፣ አኮ ጫማ የማያደርጉት ኮከቡ እንዳይጎዳ እንደሆነ፣ ጎመኑን በጾም እንደሚበሉት፣ ማሩን ለጎረቤት ኮከብ እንደሚልኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ እያቀላቀለች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ነገረችኝ። ከአጥሩ ጀርባ «ትናገራለች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቢፍቱ ሮጣ ጓዳ ገባች። ጋሼ ደግፌ ሊነሡ ሲሉ ሱሪያቸው በአጥሩ ሾህ ተይዞ ቀረ።

በማግስቱ ዲሬክተሩ ዘንድ ገቡ። ለወላጆች ቀን ስለ መጪው ሺህ ዓመት ተውኔት እንዲያዘጋጁ ጠየቁ። ዲሬክተሩ ሐሳቡን ወደዱት፤ ሥልጣኔ ያሳያል አሉ። ጋሼም፣ ያቺ ልጅ በተውኔቱ ላይ ብትናገርስ፣ በሰው ፊት እንደተናገረች ይቆጠርላታል ወይ ብለው ጠየቁ። ዲሬክተሩ አሰቡና ይቆጠርላታል አሉ። ጋሼ ደግፌ ተመልሰው ይህን በአጥሩ ላይ ሲነግሩኝ እጄ ላይ ያለው ጎመን ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቱ የተነሡ ሰዎች በመርከብ ወደ ኮከብ ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ቀድመው የሰፈሩ አንዲት አያት ይቀበሏቸዋል። አያቲቱ ቢፍቱ ናት። የምትናገረው አንድ ቃል ነው፦ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ። ሌላ የለም። አንድ ቃል ነው፣ ለእኔ ግን ከዳዊት ሁሉ ረዝሞብኝ ሰነበተ።

ወሬው ከተማውን ዞረ፤ ሰውም ነገሩን ከምር ያዘው። የደብራችን ቄስ፣ እዚያ ፀሐይ በቀን ሁለት ጊዜ የምትወጣ ከሆነ ጾሙ እንዴት ይቆጠራል ብለው ሁለት ሳምንት ተጨነቁ። በመጨረሻ፣ ሆድ አይሳሳትም፣ ሆድ ይቁጠረው ብለው ተገላገሉ። የዕድራችን ዳኛ፣ እዚያ ሰው አይከብድም ሲባል ሰምተው፣ ሬሳው ተንሳፍፎ እንዳይሄድ በዕድሩ ዕቃ ላይ ገመድ ይጻፍ አሉ። ጋሼ ደግፌ ሁሉንም ማስታወሻቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ጠመኔ እንጂ እርሳስ ጠፍቷቸው አያውቅም።

አኮ ከያዮ ሲመጡ ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እዚያ ጎረቤት አለ?» አሉ በኦሮምኛ። አለ አሏቸው። «እንግዲያ ይሁን» ብለው ቡሉኳቸውን ለቢፍቱ አወለቁላት።

ዲሬክተሩ በሁለት ነገር አልተስማሙም። የመርከቡ አዛዥ ኮትና ከረባት ማድረግ አለበት አሉ፤ የራሳቸውን ኮትና ከረባት አዋሱ። አዛዡ ያ «መቱ ቀረን» ያለው የጸሐፊው ልጅ ነበርና ኮቱ ጉልበቱን ሸፈነው። መርከቡም ብረት ይሁን አሉ። ጋሼ ደግፌ፣ ብረቱን ይስጡኝና ልሥራው አሉ። ብረት አልነበረም። ስለዚህ ወደ ገመዳ መጡ።

ባለቤቴ ቀፎ ሠሪ ነው። በያዮ ጫካ ከሱ በላይ ቀፎ የሚሠራ የለም ይባላል፤ እኔ ሚስቱ ነኝና አልመሰክርም። ጋሼ ደግፌ የሰው ቁመት ያለው ቀፎ ሥራልኝ አሉት። ገመዳ ከራስ እስከ እግር አያቸውና፣ ለየትኛው ንብ ነው ብሎ ጠየቀ። ለሰው ነው አሉት። አሰበ። የሰው ቀፎ ሠርቼ አላውቅም፣ ግን እሞክራለሁ አለ።

ሠራው። እንደ በርሜል የወፈረ፣ የሚቆም፣ በጎኑ በር ያለው ቀፎ። ጋሼ ደግፌ ከሻይ ሣጥን በወጣ ብርማ ወረቀት ለበጡት። በእውነት ያምር ነበር። ግን ቤት ሲገባ አንድ ሽታ አወደኝ። ባለቤቴ ለንብ ቀፎ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ውስጡን በጫካ ቅጠል አጥኖ፣ ሰም ቀብቶታል። ንብ ከሩቅ የሚጠራ ሽታ ነው። ገመዳ፣ ይሄ እኮ ለተውኔት ነው አልሁት።

«ያልታጠነ ቀፎ ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም» አለኝ።

ሙያው ነውና ተውሁት። የቡና አበባ የረገፈበት፣ የንብ መንጋ ቤት ፍለጋ የሚወጣበት ሰሞን መሆኑን እሱም አላሰበ፣ እኔም አላሰብሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

ቀኑ ደረሰ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳስ ተጣለ። ወላጅ ሁሉ መጣ። መጋረጃው የጋሼ ደግፌ ብርድ ልብስ ነው፤ እሳቸው ከኋላው ተደብቀው ልጆቹን ይመራሉ። ብርድ ልብሱ ደረታቸው ድረስ ነው የደረሰው። ስለዚህ ከደረት በላይ ያለው ጋሼ ደግፌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ታየ። ማንም አልሳቀም፤ የተውኔቱ ክፍል መስሎን ነበር።

መርከቡን ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው አመጡ፤ ኮከብ ነው በተባለው ቦታ ላይ አቆሙት። አዛዡ ከረባቱን እያስተካከለ ወጣ። «ይህ ማን አገር ነው? የሚቀበለን አለ?» አለ።

ቢፍቱ በቡሉኮው ውስጥ ቆማለች። በእጇ እውነተኛ ጎመን ይዛለች። ዝም አለች።

አዛዡ ድጋሚ ጠየቀ። ዝም። ሦስተኛ ጠየቀ። ዲሬክተሩ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። ከብርድ ልብሱ በላይ የጋሼ ደግፌ ከንፈር ያለ ድምፅ «እንኳን፣ እንኳን» ይላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን ያዝኋት። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ምስኪን፣ ዲዳ ናት እንዴ ስትል ሰማሁ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በዚያው መካከል ከቡናው ጫካ በኩል ድምፅ መጣ። የመኪና ድምፅ መስሎኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ሰማዩ ላይ ቡናማ ጨርቅ የሚመስል ነገር እየተጠቀለለ እየተዘረጋ ይመጣል። ንብ ነው። መንጋው እንዳለ፣ ከነአውራው። ሽታውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወደ መርከቡ መጣ።

የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ሰው ተነሣ። ዳሱ ተናጋ። አዛዡ ከአግዳሚ ወንበር ሥር ገባ፤ ኮቱ ግን ወንበሩ ላይ ተይዞ ቀረ። ዲሬክተሩ ኮታቸውን አንሥተው በኃይል ያራግቡ ጀመር። ቄሱ ቆመው ይባርካሉ፤ ንቡን ይሁን ሰውን አላወቅሁም። አኮ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም። «እንግዳ መጣ» አሉ ዝግ ብለው።

«ሂን ፊጊና!»

አትሩጡ ማለት ነው። ማን እንዳለው ለማየት ሁሉም ዞረ። ቢፍቱ ናት። ጎመኑን እንደያዘች ወደ ፊት መጥታለች።

«አትሩጡ። ቁጭ በሉ። ክፉ አይደሉም፣ ቤት ፈልገው ነው» አለች በአማርኛ። ድምፅዋ የአኮ ነበር፤ ጫካ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ የሚሰማ። ያ ሁሉ ሰው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ዳኛውም፣ ቄሱም። ዲሬክተሩ ብቻ ያራግባሉ።

«ጋሼ፣ ኮቱን ያስቀምጡ» አለቻቸው። «ንብ የሚያራግብ ሰው አትወድም።»

አስቀመጡ። ዘግይተው ነው ግን፤ አንዷ ከንፈራቸው ላይ ሥራዋን ጨርሳለች።

ቢፍቱ ወደ መርከቡ ሄዳ ከበሩ ላይ ገለል አለች። አያቷ እንደሚያደርጉት ጎንበስ ብላ፣ «ኮታ፣ መነ ኬሰን ሴና» አለች። ኑ፣ ቤታችሁ ነው ግቡ ማለት ነው። ንቦቹ እንደ ውሃ ይፈስሱ ጀመር። ያን ጊዜ ተውኔቱ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ቀና ብላ አዛዡን ፈለገችው። ጎመኑን ዘረጋችለትና፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ» አለችው ጥርት አድርጋ።

«እኔ አልገባም» አለ አዛዡ ከወንበሩ ሥር።

የመቱ ሰው እንደዚያ ቀን ሲስቅ አላየሁም። ከኋላዬ ያለችው ሴት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ባለቤቴ ገመዳ ብቻ አልሳቀም፤ ስንት ንብ እንደገባ ያያል።

ኋላ ዲሬክተሩ፣ ከንፈራቸው ዳቦ አህሎ፣ ይህ አይቆጠርም ለማለት ሞከሩ። ልጅቷ የተናገረችው የተጻፈውን አይደለም፣ ግማሹም ኦሮምኛ ነው። ጋሼ ደግፌ ማስታወሻቸውን ገለጡ።

«የተጻፈው፣ እንግዳ ሲመጣ አያቲቱ ትቀበላለች ነው» አሉ። «እንግዳ መጣ። ተቀበለች። ንቦቹ የያዮ ናቸው፤ በሚሰሙት ቋንቋ ተቀበለቻቸው። አዛዡ የመቱ ነው፤ በሚሰማው ተቀበለችው። እሱ ነው ቃሉን ያበላሸው፤ አልገባም የሚል የለም እኔ ጋ።»

ዲሬክተሩ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈሩ እምቢ አላቸው። ያን ቀን መናገር ያቃታቸው እሳቸው ሆኑ። ወደ ቢፍቱ አዩ፣ ወደ ቀፎው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሰኔ አለፈች።

ቀፎ የገባ ንብ አይባረርምና ገመዳ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መርከቡን በትምህርት ቤቱ ዋንዛ ላይ ሰቀለው፣ ከነብርማ ወረቀቱ። ልጆቹ መርከቡ እያሉ ይጠሩት ነበር። የመጀመሪያው ሰም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሆነ፤ ስለቴን አደረስሁ። ማሩን ለጋሼ ደግፌ በአጥሩ ላይ ሳቀብላቸው፣ ምስጋና መቀበል ስለማይችሉበት፣ ከሺህ ዓመት በኋላስ ማን ያመጣልኛል አሉ። ቢፍቱ ከጓዳ ሆና፣ «እኔ» አለች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ኡካ ተዛወሩ። ጃንጥላዋን ኮታቸው ውስጥ ደብቀው መኪና ላይ ወጡ፤ ይዘንብ ነበር። ኋላም ወደ ጎሬያቸው ተመለሱ።

ለቅሶ የሄድሁት ከቢፍቱ ጋር ነው። ዛሬ እሷም አስተማሪ ናት፤ ጠመኔ የምታስቀምጠው ጠረጴዛ ላይ ነው። ማር ይዛ ነበር። የሟች እህት ከየት ናችሁ ብለው ጠየቁን። ከመቱ፣ ይህቺ የቀፎዋ ልጅ ናት አልኋቸው። ሴትዮዋ ጓዳ ገብተው የታጠፈ ወረቀት ይዘው ወጡ። ዳዊታቸው ውስጥ ነበር አሉ።

ያ ሥዕል ነው። አኮ በቡሉኮ፣ ጎመኑ፣ ቁልቁል የተሰቀለው ቀፎ። በቀኝ በኩል ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ግን በእርሳስ የተሣለ ሌላ ሰው ቆሟል። ረጅም ነው፤ ራሱ ከወረቀቱ ሊወጣ ደርሷል። የታጠፈ ጃንጥላ ይዟል። ከሥሩ በእሳቸው ጽሕፈት፣ «እኔም እመጣለሁ፤ ቦታ ያዙልኝ» ይላል።

እኔ መስቀል አማተብሁ። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ልጄን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው፣ ድምፅዋን ያሰማኝ በእሳቸው እጅ ነው።

ቢፍቱ ወረቀቱን አስጠግታ ብዙ አየችው። እንባዋ ይወርዳል።

«እማዬ፣ እይው እስቲ» አለችኝ። «ኮከብ ላይ ጭቃ የለም። ሱሪያቸው ግን አሁንም አጭር ነው።»

በለቅሶ ቤት ሁለታችንም ሳቅን። የሟች እህትም አብረውን ሳቁ።